የሸክላ ማጫወቻን ስለ ማስተካከልና ድምፁን ስለ ማሻሻል
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



ከእናንተ መካከል ከአባት ወይም ከአጎት የተረፈ የሸክላ ማጫወቻ በቡፌው ላይ፣ ከአጠገቡም አንድ ቁልል ሸክላ ያላችሁ ብዙዎች እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ አዲስ ማጫወቻ እንዲያመጣላቸው የሚያዙ ወጣት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች አሉ። ሸክላ ጊዜው አልፎበታል የተባለው ነገር እንደ ተባለው አልሆነም፤ በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. የተሸጠው የሸክላ ቍጥር ከሲዲ በልጧል፤ ይህም ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ያልታየ ነገር ነው።

ነገር ግን ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ፋሽን አይደለም። አምሃ እሸቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ባቋቋመው አምሃ ሬከርድስ፣ እንዲሁም በፊሊፕስና በካይፋ ስም የወጡት ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ዘመናቸው አጭር ነበር፤ ካሴት ሲስፋፋ ማተሙ ቀረ። ከእነርሱ ውስጥ የተመረጡት በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ አገር መውጣት በጀመረው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ በሲዲ ለዓለም ተዳርሰዋል። ከዚያ ያልገቡት ግን የሚገኙት በየቤታችሁ ቡፌ ውስጥ ነው። እነዚህን ሸክላዎች አቧራና ፀሐይ ይጎዷቸዋል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚፈጃቸው ግን ሊያሰማቸው የተቀመጠው ያረጀ መርፌ ነው። መርፌው ፍቆ የጣለው ድምፅ በምንም ጥበብ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ማጫወቻችሁን የምታስተካክሉት ለጆሮአችሁ ደስታ ብቻ ሳይሆን ሸክላው ለልጆቻችሁ እንዲተርፍ ጭምር ነው።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር ጥቂት እንረዳ። በሸክላው ፊት ላይ ብዙ መስመሮች ያሉ ይመስላል እንጂ መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከዳር ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ መካከል ይገባል። በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ አንዱ ፊት 20 ደቂቃ የሚጫወት ቢሆን፣ መስመሩ ቢዘረጋ ርዝመቱ ከ400 ሜትር ይበልጣል፤ ወርዱ ግን ከሰው ጠጕር ብዙም አይሰፋም። ቅርጹ እንደ ቦይ ስለ ሆነ ሁለት ግድግዳ አለው፤ በስቴሪዮ ሸክላም የግራው ድምፅ በአንደኛው፣ የቀኙ ድምፅ በሌላው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲያልፍ የግድግዳዎቹ ጎርበጥባጣነት ያንቀጠቅጠዋል፤ ካርትሪጅ የሚባለው፣ መርፌውን የያዘው ትንሽ ሳጥን፣ ይህን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። በተለመደው ባለ ማግኔት ካርትሪጅ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያች ጥቂት ስፍራ ላይ የተበላሸ ነገር ሁሉ በአምፕሊፋየሩ እጅግ ተባዝቶ ከጆሮአችን ይደርሳል። ሰዎች ግን ጥቂት ገንዘብ ባገኙ ጊዜ ቀድመው የሚገዙት ትልቅ እስፒከር ነው። ይህ በእኔ አስተያየት ሥራን ከመጨረሻው መጀመር ነው፤ ትልቅ እስፒከር የመጥፎ መርፌን ጩኸት ከማጉላት በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

የመርፌው ጫፍ አልማዝ ነው። አልማዝ ከሆነ አያልቅም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ያልቃል። እንደ አቈራረጡና እንደ ሸክላዎቹ ንጽሕና ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያህል ያገለግላል። በቀን አንድ ሰዓት የምታዳምጡ ብትሆኑ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ እስከ ሦስት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ማለት ነው። ማጫወቻው የተወረሰ ከሆነ፣ መርፌው መቼ እንደ ተለወጠ የሚያስታውስ ሰውም በቤቱ ከሌለ፣ ያለቀ ነው ብላችሁ ቍጠሩት፤ አዲሱ እስኪገኝ ድረስም አንድም ሸክላ አታሰሙበት። ያለቀ መርፌ ጫፉ ድቡልቡል መሆኑ ይቀርና በሁለቱ ጎን ተልጦ እንደ መሮ ስለት ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ማንበብን ሳይሆን መፋቅን ነው። ምልክቱ ደግሞ አይሰወርም። ዘፋኙ «ሰ» ወይም «ጸ» ያለበትን ቃል ሲጠራ ድምፁ ይሻክራል፤ ይህም በተለይ በሸክላው መጨረሻ ገደማ ይብሳል። የሚብስበትም ምክንያት አለው፤ በትልቁ ሸክላ ዳር መስመሩ በመርፌው ሥር በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ሲያልፍ፣ በመካከሉ አጠገብ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያልፋል፤ ስለዚህ ያው ድምፅ በጠባብ ስፍራ ተጨምቆ ተጽፎአል፤ ያረጀ መርፌም ሊያነበው አይችልም።

መልካሙ ነገር ብዙውን ጊዜ ካርትሪጁን ሁሉ መለወጥ የማያስፈልግ መሆኑ ነው። መርፌው ብቻውን ወደ ፊት ተስቦ ይወጣል፤ አዲሱ በስፍራው ይሰካል። ካርትሪጁ ራሱ መለወጥ ያለበት ከሆነ ግን መርፌው በደረጃ የሚያድግለትን ዓይነት ግዙ። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95 እና የኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የሚባሉት እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ዛሬ ዝቅተኛውን የገዛ ሰው ነገ የተሻለውን መርፌ ብቻ ገዝቶ በዚያው ሳጥን ላይ ይሰካል። የመንግሥት ሠራተኛ ከእርከን ወደ እርከን እንደሚያድግ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ዕድገት በኪስ አቅም እንጂ በኮሚቴ የማይወሰን መሆኑ ነው።

አሁን ስለ ክብደት ልናገር። በየቤቱ የክንዱ ራስ ላይ ሳንቲም ተለጥፎ ይታያል። ሸክላው ስለሚዘል መርፌው እንዲጫነው ተብሎ ነው። ይህን ሳንቲም ዛሬውኑ አንሡት። ዘመናዊ ባለ ማግኔት ካርትሪጅ የሚፈልገው 2 ግራም ያህል ነው፤ ለምሳሌ ቪኤም 95 ኢ 2 ግራም፣ 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም ይበቃቸዋል። ሁለት ግራም ትንሽ ቢመስልም የሚያርፈው ለዓይን በማይታይ ነጥብ ላይ ስለ ሆነ በዚያች ነጥብ ላይ ያለው ጫና እጅግ ከባድ ነው፤ ሳንቲም ሲጨመርበት ሸክላውን ማረስ ይሆናል። ክብደቱን ከሚገባው በታች ማድረግም አይጠቅምም፤ መርፌው ከቦዩ ውስጥ እየነጠረ ግድግዳውን ይመታዋልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወደ ውስጥ የሚስበውን ኀይል መመለሻ ቍልፍ ዜሮ ላይ አድርጉ። የመርፌውን ክዳን አንሡ፤ ክንዱንም ከማረፊያው አውጥታችሁ በኋላው በኩል ያለውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ እንደ ሚዛን ሳይወጣ ሳይወርድ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። ክንዱን ወደ ማረፊያው መልሱና ክብደቱን ሳታንቀሳቅሱ ቍጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጡ። ከዚያም ክብደቱንና ቀለበቱን አንድ ላይ እያዞራችሁ የታዘዘውን ቍጥር ድረሱ። በመጨረሻ የመመለሻውን ቍልፍ ከዚሁ ቍጥር ጋር አስተካክሉ። ቀለበቱን የማያምን ሰው ለዚህ ተብላ የተሠራች ትንሽ ሚዛን ቢገዛ ገንዘቡ አልባከነም። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ግን ይህ ማስተካከያ የላቸውም፤ መርፌአቸውም ብዙውን ጊዜ 5 ግራም ገደማ ይጫናል። ለልጆች መጫወቻ ይሁኑ፤ የማይተካ ሸክላ አታስቀምጡባቸው።

ካርትሪጁ በክንዱ ራስ ላይ የሚታሰረው በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ነው። ጠማማ ሆኖ ከታሰረ መርፌው ከቦዩ ጋር ስለማይገጥም ድምፁ ይሻክራል። በወረቀት ላይ የታተመ መለኪያ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ከማጫወቻው ጋር ይመጣል። መርፌውን በመለኪያው ሁለት ነጥቦች ላይ በየተራ ታሳርፋላችሁ፤ ነጥቦቹ በተለመደው ስሌት ከመካከለኛው ዘንግ 66 እና 121 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በሁለቱም ላይ የካርትሪጁ ጎን ከመስመሮቹ ጋር ትክክል ከሆነ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ከበስተኋላው ያሉት አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ቀለማቸው ትርጕም አለው፤ ነጩና ሰማያዊው የግራ፣ ቀዩና አረንጓዴው የቀኝ ናቸው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር በተለይ ለእኛ አገር የሚጠቅም ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለ ሆነ ትራንስፎርመር እንደሚያስፈልገው ሁሉም ሰው ያውቃል። ነገር ግን ትራንስፎርመር የሚለውጠው ቮልቱን ብቻ ነው። በአሜሪካ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ በእኛ አገር 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ምልልስ ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን የመጣ እንዲህ ያለ ማጫወቻ እዚህ ሲሰካ ከስድስት እጅ አንዱን ፍጥነት ያጣል፤ 33 ከ1/3 የነበረው 28 ሊሞላ ጥቂት ይጐድለዋል፤ 45 የነበረው 37 ከግማሽ ይሆናል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ እንኳ በዚህ ሲሰማ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የአባቱን ማጫወቻ ይዞ የሄደ ሰው ዘፋኙ ሁሉ የሚቸኩልበት ከዚሁ የተነሣ ነው። መድኀኒቱ ከሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ትንሽ መዘውር ለአገሩ ኤሌክትሪክ በተሠራ መለወጥ ነው፤ ጥሩ የብረት ሠራተኛም ውፍረቱን በስድስት አምስተኛ አሳድጎ ሊቀርጸው ይችላል። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ያሉት፣ ፍጥነታቸውን በኤሌክትሮኒክ የሚቈጣጠሩት፣ ከዚህ ችግር ነፃ ናቸው፤ ለእነርሱ ትክክለኛው ቮልት ይበቃል።

ፍጥነቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ ጥቍርና ነጭ ሰረዝ የተሣለበት ክብ ወረቀት በሸክላው ፋንታ አስቀምጡ፤ በቤት መብራትም ተመልከቱት። በእኛ ኤሌክትሪክ ለ33 ከ1/3 ዙር ሰረዞቹ 180 መሆን አለባቸው፤ ለአሜሪካ የተሣለው 216 ስለ ሆነ ያሳስታችኋል። ሰረዞቹ የቆሙ መስለው ከታዩ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ወደ ኋላ የሚንሸራተቱ ከሆነ ዘግይቷል። አንዳንድ አዳዲስ አምፖሎች ብርሃናቸው ስለማይርገበገብ ለዚህ አይሆኑም፤ የድሮውን ባለ ሽቦ አምፖል ፈልጉ። ማጫወቻው የሚዘገየው አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቺንጋው ስለ ላላ ብቻ ነው፤ እርሱ በጥቂት ገንዘብ ይተካል።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አልናገርም። በግንበኛ ውኃ ልክ በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ ለኩት፤ ካዘነበለ ከእግሮቹ ሥር ካርቶን አስገቡ። እስፒከሮቹን ማጫወቻው ካለበት ቡፌ ላይ አውርዱ፤ መንቀጥቀጣቸው በእንጨቱ አልፎ ወደ መርፌው ተመልሶ የሚጓራ ድምፅ ያመጣል። ወለሉ ጣውላ የሆነ ቤት፣ ሰው በተራመደ ቍጥር መርፌው እንዳይዘል፣ ማጫወቻውን በግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ቢያስቀምጥ ይሻላል።

አዲሱን አምፕሊፋየር ገዝታችሁ ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ሆኖ ቢሰማችሁ ዕቃው አልተበላሸም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆነ ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጭኑም ይጨመራል፤ አለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ቦዩን እጅግ ያሰፋዋል። ይህ መጠን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ደንብ ተወስኗል። ስለዚህ ድምፁን ወደ ነበረበት የሚመልስ፣ ፎኖ የሚባል ማጉያ በመካከሉ ያስፈልጋል። በድሮ አምፕሊፋየሮች ውስጥ «ፎኖ» ተብሎ የተጻፈበት መሰኪያ ይህ ነው፤ በዛሬዎቹ ብዙዎች የለም፤ ለብቻው ትንሽ ሳጥን ሆኖ ይገዛል። በውስጡ ያለው አዲስ ማጫወቻ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ እንዳታሳልፉት ከኋላው ያለውን መቀየሪያ ተመልከቱ። ኡኡታ የመሰለ የማያቋርጥ ጕርምርምታ ከተሰማ ቀጭኗን የመሬት ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አስሯት።

በመጨረሻ ስለ ጽዳት። ከመጫወታችሁ በፊት በጥሩ ብሩሽ መስመሩን ተከትላችሁ ጥረጉ። በጣም የቆሸሸውን ባለ ቪኒል ሸክላ በተጣራ ውኃና በጥቂት የሳሙና ጠብታ አጥባችሁ፣ የመካከሉን ወረቀት ሳታርሱ፣ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት። በአረቄ የሚያጥቡ ሰዎች እንዳሉ ተነግሮኛል። እንደ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የመሰሉት ሰዎች ድምፃቸው የተቀረጸበት፣ ባለ 78 ዙር የሚባለው ጥንታዊው ሸክላ ግን ላክ ከሚባለው ሙጫ የተሠራ ስለ ሆነ አልኮል ያቀልጠዋል። ለዚህኛው ሸክላ መርፌውም ሌላ ነው፤ ቦዩ ሦስት እጥፍ ያህል ሰፊ ስለ ሆነ የተለመደው ቀጭን መርፌ ግድግዳውን ሳይነካ ታች ወርዶ ይንከላወሳል። እንዲህ ያለ ሸክላ በእጃችሁ ካለ፣ «78» ተብሎ የተጻፈበትን መርፌ እስክታገኙ ድረስ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ሳታጋድሙ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት።