ስለ ብሎንና ዳዶ ለነዋሪው የተደረገ ንግግር

ሰሞኑን የአንድ ውሃ ታንከር መቆሚያ የብሎን ጥርስ ተበልቶ ዘመመ። እግዜር አተረፈን እንጂ ከሥሩ ሕፃናት ይጫወቱ ነበር። ስናየው በ12 ሚሊሜትር ብሎን ላይ የግማሽ ኢንች ዳዶ በግድ ታስሯል። ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው። የተለመደው የ12 ሚሊሜትር ብሎን ጥርስ ከጥርስ 1.75 ሚሊሜትር ይራራቃል፤ የግማሽ ኢንቹ ግን በአንድ ኢንች ውስጥ በእንግሊዝ ልክ 12፣ በአሜሪካ ልክ 13 ጥርስ አለው።

ስለዚህ ዳዶው በጣት ካልገባ በቁልፍ አታስገድዱት። ስትገዙም አሮጌውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ። በየቤታችሁ ጥርስ የምታወጡ ወንድሞችም ብረቱን በሞርሳ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ በቶርኖም የሚቆርጠው ቢላ ከማሰሪያው ብዙ አይውጣ፤ ይንቀጠቀጥና ጥርሱን ያበላሻል።

ልጆቹ የሁላችንም ናቸው።

የማኅበሩ ጸሐፊ