ከሐኪም ቤት መልስ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ለመናገር የቆምነው ስለ አንድ በሽታ አጀማመር ሳይሆን ስለ አጨራረሱ ነው። የመንፈስ ጭንቀት ወይም ድብርት ሲነሣ ሰው ሁሉ «ምን አገኘው?» ይላል። «ከሐኪም ቤት ከተመለሰ ወዲህስ እንደምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም ከማይጠይቁት ወገን ነበርንና ከራሳችን ጥፋት እንጀምር።

ከመካከላችን አንድ የኦቾሎ ልጅ አለ። ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፥ ከአባያ ሐይቅ በላይ በገደል ላይ የተቀመጠች የጋሞ መንደር ናት። ይህ ጓደኛችን በሁለተኛ ዓመቱ እንቅልፍ አጣ፥ ምግብ ጠላ፥ መጽሐፍ ገልጦ አንድ ገጽ ሳያነብ ይውል ጀመር። እኛ ስንፍና መሰለን። በመጨረሻ ሐኪም አየውና ድብርት መሆኑ ታወቀ፤ መድኃኒትም ተሰጠው። ያን ቀን ነገሩ ያለቀ መስሎን ደስ አለን። በሁለተኛው ሳምንት ግን «አፌን አደረቀኝ እንጂ ምንም አልጠቀመኝም» ብሎ ተወው። ሰማን፤ ዝምም አልን። ከወር በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ ገባ።

ዛሬ የምናውቀውን ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ ዝም ባላልን ነበር። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ይገኛሉ። ጥቅማቸው በደንብ የሚታየው ሳምንታት ቆይቶ ነው፤ በተለይ የአሚትሪፕቲሊን የአፍ መድረቅና የእንቅልፍ መጫጫን ግን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይመጣል። ስለዚህ በሽተኛው ጉዳቱን እያየ ጥቅሙን የማያይበት ያ ጊዜ አደገኛ ነው። ሌላው አደገኛ ጊዜ «ዳንሁ» ያለ ዕለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል፥ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ይመክራል። አንድ ጊዜ ከታመሙት ግማሽ ያህሉን ሕመሙ ዳግመኛ ይጎበኛቸዋልና። መድኃኒት የማያስፈልጋቸው፥ በምክርና ወደ ዕለት ሥራቸው በመመለስ የሚድኑም አሉ፤ ክትትል ግን ለሁሉም ያስፈልጋል።

ለመስቀል በዓል፥ የጋሞ ሰው ከያለበት ወደ አገሩ በሚገባበት ሰሞን፥ እኛም ልንጠይቀው ኦቾሎ ወጣን። እናቱ ቡና አቅርበውልን ሲያበቁ በጉንጫቸው ላይ ያለውን ጠባሳ በጣታቸው አሳዩን። «ልጆቼ፥ ይህ ቁስል ዓመት ፈጅቶ ነው የደረቀው። የልጄ ልብ በሁለት ሳምንት እንዲድን የጠበቃችሁት ለምንድን ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ጠባሳው የቁንጭር ነው። ኦቾሎ ይህ በሽታ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተጠናባት አገር ናት። ከገደሉ ሽኮኮ ወደ ሰው የምታመጣው ጥቃቅን የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ቁስሉም ለመሻር ብዙ ወራት ይፈጃል። ያንን የሚያውቅ ሰው መታገሥን ያውቃል። ቁንጭር ግን ፊት ላይ ይታያል፤ ድብርት አይታይም። የማይታየውን ቁስል ካልጠየቅን በቀር መሻር አለመሻሩን በምን እናውቃለን?

ኦቾሎ ሌላም ትምህርት ሰጥታናለች። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በመንደሪቱ ተቀምጦ የሸንጎዋን ሥርዓት አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞበታል። በጋሞ ዱቡሻ ነገር ተነሥቶ ካልተፈታ ሌላ ቀን ይቀጠርለታል እንጂ አይጣልም። በጥንቱ ሥርዓት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሸንጎው ይገለሉ እንደ ነበር አንዘነጋም፤ ማግለሉን ሳይሆን ቀጠሮውን እንውረስ። ሐኪሙም የሚሰጠው ቀጠሮ ነውና።

ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ቤት የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነበረ። ከጋሞ ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ለቀጠሮ መመላለስማ ከድሀ አቅም በላይ ነበረ። በ2011 እ.ኤ.አ. በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ፕራይም የተባለ ሥራ ተጀምሮ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ድብርትንና ሌሎች የአእምሮ ሕመሞችን እንዲያክሙ ሠለጠኑ። ሕክምና ወደ ሰፈር መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ነርሷ በየማታው ወደ መኝታ ቤታችን አትመጣም። እዚያ ያለነው እኛ ነን።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህን ነው። ታሞ ለተመለሰ ተማሪ ሁሉ፥ እርሱ ራሱ የሚመርጣቸው ሁለት ጓደኞች ይኑሩት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግመው ይጠይቁት፤ በቀጠሮው ቀን አብረውት ይሂዱ፤ ያመለጠውን ትምህርት ይገልብጡለት። ጠበል ወይም ጸሎት የሚሄድ ቢሆን መድኃኒቱን እንዳይተው ይምከሩት። ስለ መሞት ቢናገር «ቀልድ ነው» ብለው አይለፉት፤ ብቻውንም ሳይተዉት በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ክቡራን መምህራንም ሕመሙን በክፍል ፊት ሳይጠይቁ ለፈተናው ጊዜ ቢሰጡት ከመድኃኒት ያልተናነሰ ይረዳዋል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ላልደበቀውስ ቢሆን ጠያቂ ካላገኘ ምን ይረባዋል? ጓደኛችን ዘንድሮ ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ይህን ንግግር አስቀድሞ አንብቦ እንድንናገረው የፈቀደልን እርሱ ነው። «አንድ ነገር ጨምሩበት» አለን፤ «ስትጠይቁኝ ‹ዳንህ ወይ?› አትበሉኝ፤ ‹ዛሬ እንዴት ዋልህ?› በሉኝ» አለ። እኛም አደራውን ይዘን መጥተን ለእናንተ አስረክበናል።