አደይ አበባና የጤፍ ማሳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በአቃቂና በቃሊቲ ዳርቻ፣ በወንዙ ዳርና በመንገዱ ግራና ቀኝ አደይ አበባ ፈክቶ ይታያል። ልጆች ቆርጠው በእንቁጣጣሽ ለጎረቤት ያበረክቱታል፤ መስከረም 16 ቀንም ደመራው ይጌጥበታል። ይህን አበባ የዘራው ገበሬ የለም። ዘሩ በጋውን በአፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል፤ ዝናም ሲያርሰው ይበቅላል፤ አብቦ ዘሩን አርግፎ በዚያው ዓመት ይደርቃል።

በአቃቂ ዙሪያ ብዙው ማሳ ዛሬ ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። በቀረው ጥቁር መረሬ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ጤፉን የሚያርመውን ገበሬ ግን ተመልከቱት፤ ይህንኑ አበባ ይነቅለዋል። አበባው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የጤፉን ቦታ፣ ብርሃንና ምግብ ስለሚሻማ ነው። በደመራው ላይ ጌጥ የነበረው በማሳው ውስጥ አረም ሆነ።

ወገኖቼ፤ በበዓል ቀን ከዘመድ ጋራ መብላትና መጠጣት የተባረከ ነው። ነገር ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ አባት ከመጠጥ ቤት ባይመለስ፣ ወሩን ሙሉ በፋብሪካ የደከመበት፣ ለልጁ ደብተርና ለቤት ኪራይ የታሰበው ደመወዝ በዚያ ቢቀር፣ ያ ደስታ በጤፍ መካከል የበቀለ አደይ ነው። «ክፉ ሥራ አልሠራሁም፤ በዓል አከበርሁ እንጂ» የሚል ይኖራል። አበባውም አንደበት ቢኖረው እንዲሁ ባለ ነበር።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ጊዜ ወስናለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ዘመነ ጽጌ ነው፤ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። አበባን የምትወድ እናት ልጆቿን በአበባ ብቻ አታሳድግም።

ብልህ ገበሬ አረሙን ዘሩ ሳይረግፍ ይነቅላል። «በጥቂት ሳምንት ራሱ ይደርቃል» ብሎ የተወው ሰው በሚመጣው ክረምት በዝቶ ያገኘዋል። ስካርም በማግሥቱ ያልፋል፤ ዘሩ ግን በልማድ ውስጥ፣ አባቱንም በሚያይ ልጅ ልብ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ንስሓን ለከርሞ አናቆያት። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን የቤታችንን ማሳ እንመልከት፤ ቦታውን የሳተውን በጊዜው እንንቀል። ለዚህም የመስቀሉ ኃይል ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።