ትንፋሽ ሌሊት ሲቋረጥና በአፍንጫ ላይ ስለሚለጠፈው ጭምብል
(በአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ ለቅሬያችን አባላት በዓመታዊው ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቅሬ ሲባል ለሁላችንም ፊታችን ላይ ድቅን የሚለው ድንኳኑ፣ ቃሬዛውና የለቅሶ ቤቱ ንፍሮ ነው። በጤና ጉዳይ እንድንናገር የተመደብነው ሰዎች ግን ዛሬ የተነሳነው ስለ ቀብር ሳይሆን ስለ እንቅልፍ ለመናገር ነው። እንቅልፍ ደግሞ ምን ይነገርለታል፣ መተኛት ነው እንጂ የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታግሳችሁ አድምጡን።

ብዙዎቻችን ማንኮራፋትን የጥጋብና የድካም ምልክት አድርገን እንስቅበታለን። ሰው ሌሊት ታፍኖ ደንግጦ ሲነሳም «ዱካክ ያዘው» እንላለን። እርግጥ ነው፣ የሚያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ነገር ግን በማንኮራፋቱ መሃል ድምፁ ጭልጥ ብሎ ከጠፋ፣ ቆይቶም እንደ ሰጠመ ሰው እየተንፈራገጠ አየር የሚስብ ከሆነ፣ ይህ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት፣ በእኛ አነጋገር በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላል። የሚሆነውም እንዲህ ነው፦ ስንተኛ የጉሮሮ ሥጋ ይላላል፣ ምላስም ወደ ኋላ ይሸሻል። የአንዳንዱ ሰው የአየር መተላለፊያ በዚህ ጊዜ ፈጽሞ ይዘጋል። ትንፋሹ 10 ሴኮንድና ከዚያም በላይ ሲቋረጥ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፤ ይተነፍሳል፣ ተመልሶ ይተኛል፣ እንደገና ይዘጋል። ይህ በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታ ይባላል፤ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ከባድ ነው። ሰውየው ራሱ ጠዋት ምንም አያስታውስም። የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ይህን ንግግር ከባሎች ይልቅ ሚስቶች ልብ ብለው ቢሰሙት ይጠቅማል።

ጉዳቱ እንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም። የደም ግፊት ይጨምራል፤ ለልብ በሽታና ለአንጎል የደም ሥር አደጋ ያጋልጣል። ቀን ቀን ደግሞ ሰውየው በተቀመጠበት ያንቀላፋል። በዱዓው ላይ፣ በቅዳሴው ላይ ቢያንቀላፋ ጎረቤት ታዝቦት ያልፋል፤ መሪ ይዞ ቢያንቀላፋ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕክምናው እንዴት እንደመጣ ብንነግራችሁ ትገረማላችሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ኮሊን ሱሊቫን የተባለ የአውስትራሊያ ሐኪም ሲድኒ ውስጥ በአፍንጫ በኩል ያለማቋረጥ አየር ቢነፋ ጉሮሮው እንደተነፋ ከረጢት ተወጥሮ አይዘጋም ብሎ አሰበ። ከዚያ በፊት ለከባዱ በሽታ ዋናው መፍትሔ ጉሮሮን መብሳት ነበር። ውጤቱንም በ1981 በአምስት በሽተኞች ላይ አሳይቶ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣው። ታዲያ ያን ጊዜ ዛሬ የምናየው ዓይነት ማስክ የለም። የበሽተኛው አፍንጫ በጀሶ እየተለካ ጭምብል ይሠራለትና በየማታው በሲሊኮን ማጣበቂያ ፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ጠዋት ይላጣል። እንግዲህ መለጠፍ አዲስ ነገር ሳይሆን የመጀመሪያው ዘዴ ነበር ማለት ነው። ማሰሪያ ያለው ማስክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑም ሲፓፕ ይባላል።

ዛሬ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወደ መለጠፉ የተመለሱ አሉ። ብሊፕ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ድሪምፖርት የተባለ፣ እንደ ቁስል ፕላስተር በሁለቱ አፍንጫ ቀዳዳዎች ዙሪያ የሚለጠፍና የማሽኑ ቱቦ የሚገጠምበት ነገር ሠርቷል። የራስ ማሰሪያ የለውም። ለአንድ ሌሊት ብቻ ያገለግልና ይጣላል።

ከአባሎቻችን አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በሽታው ተረጋግጦለት ልጁ ከውጭ አገር ማሽን ላከችለት። በማሰሪያው ማስክ ሁለት ሳምንት ታገለ። አየሩ ወደ ዓይኑ ሾለከ፤ ሲሾልክበት ማሰሪያውን አጠበቀ፤ ሲያጠብቅ ባሰበት፣ የአፍንጫው አጥንትም ቆሰለ። ይህን ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ግን ማስክ እንደ ጭነት ገመድ አይደለም፣ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጠርዙ ይታጠፍና ይበልጥ ያሾልካል። በመጨረሻ ማሽኑን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። ባለቤቱ እንደገና ሌሊቱን ትንፋሹን ስትቆጥር ታድር ጀመር። ኋላ ልጁ ተለጣፊውን ላከችለት። እሱም መጀመሪያ እምቢ አለ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይለቃል። ምክንያቱ የታወቀው ቆይቶ ነው፦ ማታ ማታ ፊቱን ቫዝሊን ይቀባል፣ ጢሙም አፍንጫው ሥር ድረስ ወፍራም ነበር። አሁን ይተኛበታል፤ ቀንም አያንቀላፋም።

ከእሱ የተማርነውና የአሠራሩ መመሪያ የሚለው አንድ ነው። ፊት በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ቅባት የተባለ ሁሉ ያን ማታ አፍንጫ አካባቢ አይደርስም። አፍንጫ ሥር ያለው ጢም ይከረከማል። ተለጣፊው ቀዳዳው ከአፍንጫ ቀዳዳ ጋር ትክክል መሆኑ በመስተዋት ታይቶ ከመሃል ወደ ዳር በጣት ይጫናል፤ የጣት ሙቀት ማጣበቂያውን ስለሚያነቃው መቸኮል አያስፈልግም። ቱቦው የሚገጠመው ከዚህ በኋላ ነው። ቱቦው ከራስጌ በላይ ካልተንጠለጠለ ሲገላበጡ ይጎትትና ያስለቅቃል። ጠዋት ደረቁን መንጨት ቆዳ ይልጣል፤ በለብ ያለ ውሃ አርሶ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ቁስል ያለበት ወይም ፕላስተር የሚያሳክከው ሰው አስቀድሞ ክንዱ ላይ ይሞክረው።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ከቱቦው መግጠሚያ ላይ አየር እስ የሚልባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። የተበላሸ መስሎት በፕላስተር የሚደፍን ሰው አለ። ያ ቀዳዳ የተቃጠለው ትንፋሽ የሚወጣበት ስለሆነ ፈጽሞ አይደፈንም። ያገለገለውን ተለጣፊ በሱፐር ግሉ መልሶ መለጠፍም እንዳይታሰብ።

አፉን ከፍቶ ለሚተኛ ሰው ይህ ዓይነቱ አይሆንም፤ በአፍንጫ የገባው አየር በአፉ ይወጣል። የማሽኑን የግፊት ልክ ደግሞ ሐኪም ይወስናል እንጂ በግምት አይነካም። ብዙዎቹ ማሽኖች ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ በሚባል ልኬት ይሠራሉ። አርዲቦ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነና አየሩም የሳሳ ስለሆነ፣ አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ በጣም የቆዩት ግን የከፍታ ማስተካከያ አላቸውና ይታይ። አገልግሎ የተላከ ማሽን ከሆነም ስሙንና ቁጥሩን አስመርምሩ፤ ፊሊፕስ በ2021 የድምፅ ማፈኛ ስፖንጁ እየተፈረፈረ ከአየሩ ጋር ሊገባ ይችላል ብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን እንዲሰበሰቡ አስታውቋል።

መብራት ሲጠፋስ? ማሽኑ ይቆማል፤ ሰውየው በአፉ መተንፈስ ስለሚችል አይታፈንም፣ ግን ቱቦውን ነቅሎ መተኛት አለበት። ተስማሚ መለወጫ ካለ በባትሪ ይሠራል፤ የውሃ ማሞቂያውን መዝጋት ባትሪውን ያቆየዋል። ቅሬያችን ለለቅሶ ድንኳን መብራት የሚጠቀምበት ባትሪ ለቅሶ በሌለ ጊዜ ለታማሚ አባል እንዲውል ሐሳብ አቅርበናል፤ ሽማግሌዎቹ ይመክሩበታል።

ዋናው ችግር ተለጣፊው ማለቁ ነው። በዓመት 365 ጥንድ ይፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም። የቅሬ ገንዘብ ለዚህ ይውጣ አንልም፤ ቀብር አይቆምምና። ነገር ግን ከውጭ ዘመድ የሚመጣለት ሁሉ ለሻንጣው የማይከብድ ነገር ነውና ጥቂት ፓኮ እንዲያስመጣ እንለምናለን። ሹፌሩ አሁን የሚያደርገው፣ ለረጅም መንገድ በሚወጣበት ዋዜማ ተለጣፊውን፣ በሌላው ቀን ደግሞ በትክክል የተስተካከለውን የማሰሪያ ማስክ እየተጠቀመ ማቆየት ነው።

በሽታው አለብኝ ብሎ የሚጠረጥር፣ ከሚስቱ ወይም ከባሏ ጋር ሆኖ ደሴ ድረስ ሄዶ ሐኪም ያማክር። አብሮ የሚተኛው ሰው የሚናገረው ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ነው። እስከዚያው በጎን መተኛት፣ ውፍረት መቀነስ፣ ማታ ጠላና አረቄ መተው ይረዳል። ጫት ቅመው በጨብሲ የሚያበርዱ ወንድሞቻችን ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ አይሁኑ።

ማሽኑንና ተለጣፊውን ባለቤቱ ፈቅዶልን ይዘነው መጥተናል። ቡናው እስኪፈላ ቀርባችሁ እዩት፣ ቱቦውን መንካት ይቻላል። ተለጣፊውን ግን እንዳትልጡት፤ የቀረው አሥራ አንድ ጥንድ ነው።