ዘካ ደመወዝን አይተካም
ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሀብትና ስለ ላብ እንነጋገራለን። በደርግ ዘመን የኖሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን «መደብ»፣ «ከበርቴ»፣ «ወዝ አደር» የሚሉትን ቃላት በየውይይት ክበቡ ሰምተዋቸዋል። ሐሳቡ የጀርመናዊው ካርል ማርክስ ነው። ማርክስ «ካፒታል» የተሰኘውን መጽሐፉን የመጀመሪያ ቅጽ በ1867 እ.ኤ.አ አሳተመ። እንደ እርሱ አባባል በካፒታሊዝም ሥርዓት መሬትና ፋብሪካ የያዘው አንድ መደብ ነው፤ ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው የሌለው ደግሞ ሌላ መደብ ነው። ሠራተኛው የሚያመርተው ከሚከፈለው ይበልጣል፤ ልዩነቱን ባለሀብቱ ይወስደዋል። ማርክስ ብዝበዛ ያለው ይህንን ነው። ሃይማኖትን በመካዱ ከእርሱ ጋር ፈጽሞ አንስማማም። «ላቡን ያፈሰሰው ማን ነው? የበላውስ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን እኛንም ይመለከተናል።

ጋምቤላን እንመልከት። በ1894 ዓ.ም በተፈረመ ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ አገኙ። የደጋው ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር፤ ትርፉ የነጋዴው፣ ሸክሙ የኩሊው ሆነ። በየካቲት 1967 ዓ.ም አዋጅ የገጠር መሬት ከግል እጅ ወጣ። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሰው ወደ ጋምቤላ ተወስዶ ሰፈረ፤ በአቦቦ አካባቢም በሶቪየት እገዛ የአልዌሮ ግድብ ተሠራ። በ2003 ዓ.ም ደግሞ ካሩቱሪ የተባለ የሕንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር መሬት፣ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ሊከፍል ተዋዋለ፤ ውሉም በ2008 ዓ.ም ተሰረዘ። ሳውዲ ስታር በበኩሉ ለሩዝ እርሻ 10,000 ሄክታር በአልዌሮ አጠገብ ወሰደ። መሬቱን የያዘው አንዴ መንግሥት፣ አንዴ ኩባንያ ሆነ። ክንዱን ብቻ የያዘው ሰው ግን በሁሉም ዘመን የቀን ሠራተኛ ነው።

ኢስላም ንብረት ማፍራትን አይከለክልም፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ነጋዴ ነበሩ። ነገር ግን ሀብት አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሐሽር 7ኛ አንቀጽ ሀብት በሀብታሞች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር አስተምሮናል። ስለዚህ ከገንዘብ 2.5 በመቶ፣ በዝናብ ከበቀለ እህል 10 በመቶ፣ በድካምና በወጪ ከጠጣው 5 በመቶ ዘካ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። በረመዳን ዘካችንን በጥንቃቄ አስልተን እንሰጣለን፤ የሠራተኛችንን የሁለት ወር ደመወዝ ግን «ቆይ፣ ነገ» እያልን እንይዛለን። ዘካ ከእኛ ንብረት የሚወጣ የድሃ ሐቅ ነው። ደመወዝ ግን ቀድሞውኑ የእኛ አይደለም፤ ሥራው ሲያልቅ የሠራተኛው ሆኗል። የሰው ገንዘብ ይዞ ሰደቃ መስጠት ምን ይባላል? ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ አላህ በቂያማ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ ነው።

በጋምቤላ ገበያ ከረጢት የሚሸከምልን አኝዋክ ወይም ኑዌር ወጣት፣ ከደጋ ወርዶ ግንብ የሚገነባልን፣ በቤታችን እንጀራ የምትጋግርልን ልጅ፣ ሁሉም ሐቅ አላቸው። ሙስሊም ባይሆኑም ሐቃቸው አይቀንስም፤ ዙልም በማንም ላይ ሐራም ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራው በፊት ዋጋውን እንነጋገር። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) በመድየን ሲቀጠሩ ዘመኑም ዋጋውም አስቀድሞ ተወስኗል። ላቡ ሳይደርቅ እንክፈል። ሳንከፍለው የሄደ ካለ እንፈልገው፤ እርሱ ከሌለ ለቤተሰቡ እናድርስ። የአገሩን የመሬት ሥርዓት ብቻችንን አንለውጥ ይሆናል፤ በሱቃችንና በማጀታችን ያለው ፍትሕ ግን በእጃችን ነው።

አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመገናኘት ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።