ወደ ቢስክሌቱ የተመለሰ ጎልማሳ

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ቢስክሌት ነው። ቀድሞ ጎበዝ ነጂ ስለነበረ፣ ለዓመታት ትቶ እንደገና ስለሚጀምር ሰው እንነጋገራለን።

ባሕር ዳርን እንውሰድ። ከተማዋ ሜዳ ናት። ስለዚህ ቢስክሌት ይበዛባታል። አንድ የአርባ ዓመት ሰው እናስብ። በወጣትነቱ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ የቤዛዊትን ዳገት ሳይወርድ ይወጣ ነበር። ኋላ ሥራ መጣ፤ ልጆች መጡ። ቢስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት ጎማውን ነፋ። ካቴናውን ዘይት ቀባ። ወጣ። ሜዳው ላይ ደህና ሄደ። ዳገቱ ላይ ግን ትንፋሹ አጠረ፤ ጭኑ ተቃጠለ። ወርዶ መግፋት ጀመረ። አንድ ልጅ ጀሪካን ጭኖ ደረሰበትና፣ «ጋሼ፣ ልግፋልዎ?» አለው። ይህች ቃል ከዳገቱ ይልቅ ከበደችው። ብዙ ሰው ቢስክሌቱን ሸጦ የሚገላገለው በዚህች ቀን ነው።

ለመሆኑ ይህ ሰው ምን ሆነ? አረጀ እንዴ? የለም። ቢስክሌት መንዳት አንዴ ከተለመደ አይረሳም። የሚሄደው ጉልበት ነው። ሰው እንቅስቃሴ ሲያቆም፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደሙ መጠን ይቀንሳል። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ያንሳል። ጡንቻም እንደ ድሮው በኦክስጅን አይጠቀምም። ስለዚህ ልብ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ደስ የሚለው ነገር፣ ከጠፋው አብዛኛው በልምምድ ይመለሳል።

እንዴት ይመለሳል?

አንደኛ፣ በሜዳ ጀምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ ይበቃል። በመካከሉ ዕረፉ። ጡንቻ የሚጠግነው በዕረፍት ነው።

ሁለተኛ፣ እየነዳችሁ ተነጋገሩ። መናገር ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ኮርቻውን አስተካክሉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ፣ ተረከዛችሁ ፔዳሉ ላይ ሆኖ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ኮርቻ ሲያጥር ጉልበት ይታመማል።

አራተኛ፣ አትቸኩሉ። ትንፋሽ ቶሎ ይሻሻላል። ጅማት ግን ዘግይቶ ይጠነክራል። በሦስተኛው ሳምንት «በረታሁ» ብሎ የሚጋልብ ሰው ጉልበቱን ይጎዳል።

ጭን አንድ ሁለት ቀን ቢዝል አያስፈራም። ደረት የሚወጋ ወይም ራስ የሚያዞር ከሆነ ግን አቁሙ። ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዚህ ሰው ባላጋራ ዳገቱ አይደለም፤ ትዝታው ነው። ራሱን ከ25 ዓመቱ ወጣት ጋር ሲያወዳድር ሁልጊዜ ይሸነፋል። ካለፈው ሳምንት ጋር ቢያወዳድር ግን እድገቱን ያያል። ስለዚህ ደብተር ይያዝ። እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «ማክሰኞ። 20 ደቂቃ። ዳገቱ ሥር ወረድሁ።» ከወር በኋላ ምናልባት እንዲህ ይጽፋል፦ «ማክሰኞ። 35 ደቂቃ። ግማሽ ላይ ወረድሁ።» ያ ግማሽ ዳገት የራሱ ነው።

እናንተ ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በጎልማሳነታችሁ ፊደል ስትቆጥሩ ልጆቻችሁ ቀድመዋችሁ ነበር። ቢሆንም እፍረቱን ችላችሁ «ሀ» ብላችሁ ጀመራችሁ። ዛሬ ይህን ገጽ ታነባላችሁ። ያ ትዕግሥት ለእግርም ይሠራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

እንግዲህ ቢስክሌት ያላችሁ፣ ነገ ጎማውን ንፉ። የሌላችሁ፣ በእግራችሁ ጀምሩ። የሄዳችሁበትን ደቂቃ በገዛ እጃችሁ ጻፉ።

ደህና ሰንብቱ።