ንጹሕ የመጠጥ ውሃ በገጠር፦ ከምረቃ በኋላ ያለው ሥራ



በዚህ ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናም ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። በክረምት ጎርፉ መንገድ ይዘጋል፤ ግንቦት ሲደርስ ግን እናቶችና ልጃገረዶች ጄሪካን አዝለው ገደል ይወርዳሉ። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ ችግራችን የውሃ እጦት ብቻ አይደለም፤ ውሃው በሚፈለግበት ቦታና ጊዜ፣ ንጹሕ ሆኖ አለመገኘቱ ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውሃ ለሁሉም እንዲዳረስ የፖሊሲ ዓላማ አድርጎ አስቀምጧል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድም ለገጠር ነዋሪ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር እንዲደርሰው መለኪያ አውጥቶ ነበር። ጉድለቱ የሚጎላው ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ባለው ጊዜ ነው።

ከዓመታት በፊት ለመስክ ሥራ ወጥቼ አገልግሎት ያቆመ የእጅ ፓምፕ አየሁ። ያለቀችው አንዲት ጎሚኒ ብቻ ነበረች። ለምን እንዳልተጠገነ አንዲት አዛውንት እናትን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የመንግሥት ነው፤ በሰው ንብረት እንዴት እጃችንን እናስገባ?» አሉኝ። እኔ ግን ቀደም ሲል ባቀረብሁት ጥናት ያንኑ ፓምፕ ውሃ ካገኙት አካባቢዎች ቁጥር ውስጥ አስገብቼው ነበር። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የተሻለው መንገድ በክልላችን ታይቷል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በተካሄደው የገጠር ውሃ ፕሮግራም፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለተጠቃሚዎች ኮሚቴ በቀጥታ እንዲደርስ ተደረገ። ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶ ገዛ፣ ግንበኛ ቀጠረ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም ቆጠበ። አሠራሩ በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ። ፓምፑን በእጁ የገዛ ሰው መለዋወጫውንም ከየት እንደሚያመጣ ያውቃል፤ «የመንግሥት ነው» አይልም።

የፓምፑ መሥራት ብቻውን ግን አይበቃም። ከተጠበቀ ምንጭ የተቀዳ ውሃ ባልታጠበ ጄሪካንና በቆሸሸ መቅጃ ይበከላል። ስለዚህ ክዳን ያለው ዕቃ፣ የታጠበ እጅ፣ አጠራጣሪ ሲሆንም ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም የአገልግሎቱ አካል ናቸው።

ከእንግዲህ በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ስትገኙ ሁለት ጥያቄ አንሡ፦ ጎሚኒዋ ስታልቅ ማን ይገዛል? ገንዘቡስ የት ተቀምጧል? መልስ ከሌለ ተቋሙ ገና አላለቀም። እኛም ተመራማሪዎች የተሠራውን ሳይሆን ዛሬ ጠዋት ውሃ የሰጠውን እንቁጠር።